የተበሳ ጥብጣብ፤ ፊደል በቀዳዳ ይጻፍ የነበረበት ዘመን

የተበሳ ጥብጣብ ወርዱ ከሁለት ጣት የማይበልጥ፣ እንደ ክር የሚጠቀለል ረጅም ወረቀት ነው። መልእክት የሚሰፍርበት በቀለም ሳይሆን በቀዳዳ ነው። በወርዱ ላይ ጎን ለጎን የተበሱትና ሳይበሱ የታለፉት ቦታዎች በአንድነት አንድ ፊደል ይሆናሉ፤ የሚከተለው ረድፍ የሚከተለውን ፊደል ይይዛል። ከጫፍ እስከ ጫፍ ሳይቋረጡ የሚሄዱት ደቃቅ ቀዳዳዎች ግን ፊደል የላቸውም፤ የማሽኑ ባለጥርስ ጎማ ወረቀቱን የሚጎትትባቸው ናቸው። ከ19ኛው ክፍለ ዘመን አጋማሽ እስከ 1980ዎቹ ድረስ ቴሌግራም፣ ዜና፣ የበረራ ማስታወቂያ፣ በኋላም የኮምፒዩተር ፕሮግራም በዚህ ወረቀት አልፏል። በዚህ ጽሑፍ የሚጠቀሱት ዓመታት ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ወረቀት በስቶ ማሽንን የማዘዝ ሐሳብ የመጣው ከሸማ ሥራ ነው። የጥበብ ጥለት የሚሠራ ሸማኔ የትኛው ድር እንደሚነሣና የትኛው እንደሚቀር በጭንቅላቱና በጣቱ ይይዘዋል፤ ቆጠራው ከአባት ወደ ልጅ የሚተላለፈው አብሮ በመቀመጥ ነው። በፈረንሳይ የሐር ከተማ በሊዮን ባሲል ቡሾን የተባለ ሰው በ1725 ይህን ቆጠራ ወደ ወረቀት አወረደው። ወረቀቱ በተበሳበት ቦታ አንዱ ክር ይነሣል፣ ባልተበሳበት ሌላው ይቀራል። ሦስት ዓመት ቆይቶ ፋልኮን የተባለ ሌላ ባለሙያ ቀጭኑን ወረቀት በወፍራም ካርድ ተካው፤ በ1804 ዣካር የሁለቱን ሥራ አሻሽሎ በስሙ የሚጠራውን የሽመና ማሽን አወጣ። ካርዱና ጥብጣቡ ከዚያ በኋላ በየመንገዳቸው ሄዱ። ካርዱ ወደ ቆጠራና ሒሳብ ሲያመራ ጥብጣቡ ቴሌግራፍን ተከተለ።

ቴሌግራፍ ጥብጣብ ያስፈለገው የሽቦው አቅምና የሰው እጅ ስላልተመጣጠኑ ነው። ጥሩ የሞርስ ባለሙያ በደቂቃ ከ20 እስከ 25 ቃል ይመታል፤ በብዙ ወጪ ተራራና ሸለቆ አቋርጦ የተዘረጋው ሽቦ ግን ከዚያ እጥፍ ድርብ ሊሸከም ይችላል። እንግሊዛዊው ቻርልስ ዊትስተን በ1858 ያቀረበው መፍትሔ ሥራውን ለሁለት መክፈል ነበር። ብዙ ሠራተኞች በየጠረጴዛቸው መልእክቱን በጥብጣብ ላይ ይበሱታል፤ አንድ ማሽን የተበሳውን ሁሉ እየተቀበለ ያለ ዕረፍት በሽቦው ላይ ያስኬደዋል። የሰው እጅ ዝግታ ከሽቦው ተነጥሎ ጠረጴዛው ላይ ቀረ።

የዊትስተን ጥብጣብ የሞርስን ነጥብና ሰረዝ ይይዝ ስለነበር አንዱ ፊደል አጭር፣ ሌላው ረጅም ቦታ ይወስድ ነበር። የፈረንሳይ ቴሌግራፍ ሠራተኛ የነበረው ኤሚል ቦዶ በ1874 ለፊደል ሁሉ እኩል አምስት ምልክት ሰጠ። ከኒውዚላንድ የመጣው ዶናልድ መሪ ደግሞ በ1901 አካባቢ እንደ ታይፕራይተር ያለ የፊደል ገበታ ከመብሻው ጋር አገናኘ፤ ሠራተኛው ፊደሉን ሲመታ ማሽኑ ራሱ ቀዳዳውን ይመርጣል። መሪ ሌላም ብልሃት ጨመረ። በእንግሊዝኛ አዘውትረው ለሚመጡት ለኢ እና ለቲ አንድ አንድ ቀዳዳ ብቻ ሰጣቸው፤ መርፌው ባነሰ ቁጥር በበሳ መጠን ዕድሜው ይረዝማል። ዓለም በ1930ዎቹ መጀመሪያ ዓለም አቀፍ የቴሌግራፍ ፊደል ቁጥር 2 ብሎ የተቀበለው ሥርዓት በዚሁ በመሪ አደላደል ላይ የቆመ ነው።

አምስት ቦታ፣ እያንዳንዱ ወይ የተበሳ ወይ ያልተበሳ፣ 32 ዓይነት ረድፍ ይሰጣል፤ ከዚያ አያልፍም። ከ32ቱ ስድስቱ ለሥራ ይያዛሉ፤ አንዱ ለክፍት ቦታ፣ ሁለቱ የማተሚያውን ጋሪ ወደ መስመር መጀመሪያ ለመመለስና ወረቀቱን ለማውረድ፣ ሁለቱ ከፊደል ወደ አኃዝና ከአኃዝ ወደ ፊደል ለመቀያየር፣ የመጨረሻው ምንም ያልተበሳበት ባዶው ረድፍ ነው። የተረፉት 26 ናቸው፤ ልክ የእንግሊዝኛ ፊደላት ቁጥር። ወደ ፊደል መመለሻው አምስቱም የተበሱበት ረድፍ መሆኑ በማሰብ የተደረገ ነው። የተበሳ ወረቀት ተመልሶ አይደፈንም፤ ስሕተት የሠራ ሰው ግን ጥብጣቡን አንድ ረድፍ ወደ ኋላ ስቦ የቀሩትንም ቦታዎች ይበሳቸዋል፣ ማንበቢያው ያን ረድፍ «ፊደል ላይ ሁን» የሚል ባዶ ትእዛዝ አድርጎ ያልፈዋል። በጥብጣብ ላይ መሰረዝ ማለት ሁሉንም መብሳት ነው።

ከባሕር ዳር ወደ ወረታ በሚወስደው መንገድ ላይ፣ የሐሙስ ገበያዋ ስም ያወጣላት ሐሙሲት በላቲን ፊደል ስትጻፍ በጥብጣብ ላይ ምን እንደምትመስል ማየት ነገሩን ይገልጠዋል። ቦታዎቹ ከአንደኛው ጠርዝ ከ1 እስከ 5 ቢቆጠሩ፣ ኤች 3ን እና 5ን ይበሳል፤ ኤ 1ን እና 2ን፤ ኤም 3ን፣ 4ን እና 5ን፤ ዩ 1ን፣ 2ን እና 3ን፤ ኤስ 1ን እና 3ን፤ አይ 2ን እና 3ን፤ የመጨረሻው ቲ 5ን ብቻ። ሰባት ረድፍ፣ አሥራ አምስት ቀዳዳ ነው። በረድፍና በረድፍ መካከል ያለው ርቀት 2.54 ሚሊ ሜትር ስለሆነ ስሙ 17.8 ሚሊ ሜትር ገደማ ይወስዳል፤ የባለ አምስት ቀዳዳው ጥብጣብ ወርድ ደግሞ 17.5 ሚሊ ሜትር ነው። የከተማዋ ስም በአንዲት አራት ማዕዘን ቁራጭ ወረቀት ላይ ያርፋል ማለት ነው። በዚህ ሥራ የቆየ ኦፕሬተር እንዲህ ያለውን ረድፍ ያለ ማሽን፣ ጥብጣቡን ወደ ብርሃን አንሥቶ በዓይኑ ያነበው ነበር።

ነገር ግን ይህ የላቲን ፊደል ነው። የአማርኛ መነሻ ፊደላት 33 ናቸው፤ በሰባት ቤት ሲባዙ 231፣ እነ ሏና ቋ ሲጨመሩ ከዚያም ይበልጣሉ። ሁሉም ቀርቶ የግዕዙ ቤት ብቻ እንኳ ከ32ቱ ረድፍ በአንድ ይተርፋል። ስለዚህ የላቲን ፊደል ብቻ ባለው ቴሌፕሪንተር፣ ማለትም በሽቦ የሚላከውን ጽሑፍ በሚያትም ማሽን፣ አማርኛ የሚልክ ሰው ቃሉን በላቲን ከመጻፍ ሌላ መንገድ አይኖረውም። ይህም ዋጋ አለው። ጣናም ታናም በላቲን አንድ ዓይነት ይጻፋሉ፤ ደራና ዴራ አይለዩም፤ ሐ፣ ሀ እና ኀ አንድ ይሆናሉ። ስለ ገንዘብ ወይም ስለ ሞት የሚናገር አጭር መልእክት እንዲህ ሲደበላለቅ የሚጎዳው ተቀባዩ ነው።

ችግሩ ሊፈታ የማይችል አልነበረም፤ ሒሳቡን መሥራት ይበቃል። ፊደሉ እንደ አማርኛ ታይፕራይተር በመነሻና በቅጥያ ከተከፈለ 33 መነሻ፣ ከካዕብ እስከ ሳብዕ ላሉት ቤቶች 6 ምልክት፣ 10 አኃዝ፣ በድምሩ 49 ይሆናል። 26ቱ ረድፎች በሁለት መደብ፣ አንድ ጊዜ በፊደል አንድ ጊዜ በአኃዝ በኩል፣ ሲሠራባቸው 52 ቦታ ይሰጣሉ። ሦስት ቦታ ይተርፋል ማለት ነው፤ አንዱ ለእነ ሏና ቋ ምልክት ቢውል ሁለቱ ለአራት ነጥብና ለነጠላ ሰረዝ ይበቃሉ። ስድስቱን ምልክቶች ከ20 በጣም ከሚዘወተሩ መነሻዎች ጋር በአንዱ መደብ ማስቀመጥ፣ የቀሩትን 13 መነሻዎች ከአኃዞቹ ጋር በሌላው ማድረግ ይቻላል። ሐሙሲት በዚህ መንገድ ስትቆጠር ሐ አንድ፣ ሙ ሁለት፣ ሲ ሁለት፣ ት ሁለት፣ በድምሩ ሰባት ረድፍ ትሆናለች፤ ከላቲኑ ጋር እኩል። ከመደብ ወደ መደብ መሻገር ሲያስፈልግ ጥቂት ረድፍ ይጨመራል እንጂ ፊደላችን ለጥብጣብ አይበዛም ነበር።

አማርኛን በቴሌፕሪንተር የመጻፍን ችግር በተግባር የያዙ ኢትዮጵያውያን መሐንዲሶች ነበሩ፤ የአማርኛ ቴሌፕሪንተር ሲነሣ የኢንጂነር ተረፈ ራስወርቅ ስም አብሮ ይነሣል። ሥራው ከኢንጂነር አያና ብሩ የአማርኛ ታይፕራይተር ጋር በአንድ መስመር የሚቆም ነው። ሁለቱም ማሽን በአማርኛ እንዲሠራ አደረጉ፤ ይህም ትልቅ ውለታ ነው።

ጥብጣቡ የሚሮጥበት መረብ በኢትዮጵያ ቀስ ብሎ ነው የተዘረጋው። የአገሪቱ የስልክና የቴሌግራፍ ታሪክ ከ1894 ይቆጠራል፤ ከአዲስ አበባ ወደ ሐረርና ወደ ጅቡቲ አቅጣጫ፣ ከዚያም በ20ኛው ክፍለ ዘመን መጀመሪያ ወደ አስመራ ሽቦ ተዘረጋ። የጣሊያን ወረራና ጦርነቱ ያበላሹትን ለመጠገን የዓለም ባንክ በ1951 ለቴሌኮሙኒኬሽን 1.5 ሚሊዮን ዶላር አበደረ፤ በ1952 የንጉሠ ነገሥት መንግሥት ቴሌኮሙኒኬሽን ቦርድ ተቋቋመ። የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን በ1958፣ የአፍሪካ አንድነት ድርጅት በ1963 አዲስ አበባን መቀመጫ ሲያደርጉ ከከተማዋ ወደ ውጭ የሚወጣው የጽሑፍ መልእክት በዛ።

ቁጥር ተደውሎ ከቴሌፕሪንተር ወደ ቴሌፕሪንተር ይጻጻፉበት የነበረው ቴሌክስ ጥብጣብ የፈለገው በክፍያው ምክንያት ነው። መስመሩ የሚከፈልበት በቆየበት ጊዜ ልክ ስለነበረ፣ መስመር ከፍቶ እያሰቡ መጻፍ ገንዘብ ማቃጠል ነበር። ሠራተኛው መስመሩን ሳይከፍት መልእክቱን በጥብጣብ ይበሳል፣ ያነባል፣ ያርማል፤ ከዚያ ቁጥሩን ደውሎ ጥብጣቡን ማንበቢያው ላይ ይጥላል። በ50 ቦድ ፍጥነት የሚሠራ ማሽን በደቂቃ 400 ምልክት ያስኬዳል። አንድ ሜትር ጥብጣብ 394 ረድፍ ገደማ ስለሚይዝ፣ በየደቂቃው ከአንድ ሜትር ትንሽ የሚበልጥ ወረቀት ያልፋል ማለት ነው። በዚህ ፍጥነት የሚመታ እጅ ብርቅ ነው፤ ጥብጣብ ካለ ግን የትኛውም እጅ በዚያ ፍጥነት ይልካል።

ሌላው የጥብጣብ ትልቅ ሥራ ማሻገር ነበር። ከአንድ ከተማ የመጣ መልእክት በሌላ መስመር መቀጠል ሲኖርበት መቀበያው ራሱ ጥብጣብ ይበሳል። ኦፕሬተሩ የአድራሻውን ረድፎች አንብቦ፣ ጥብጣቡን ቀድዶ፣ ክፍሉን አቋርጦ ወደ ተገቢው መላኪያ ይወስደዋል። በአስመራ የአሜሪካ ጦር ከ1943 እስከ 1977 የያዘው የቃኘው ጣቢያ ከአህጉር ወደ አህጉር የሚሻገር የጦር መልእክት ማስተላለፊያ ነበር። የአቪዬሽን መረብም በዓለም ዙሪያ በዚሁ መንገድ ይሠራ ነበር፤ የኢትዮጵያ አየር መንገድ በሚያዝያ 1946 ወደ ካይሮ መብረር ከጀመረ ወዲህ ባደገባቸው ዓመታት የበረራ እቅድና የአየር ጠባይ ዘገባ ከአውሮፕላን ማረፊያ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ የሚደርሰው በተቀደደና በተሻገረ ጥብጣብ ነበር። እንዲህ ባለው ክፍል ውስጥ ሰዎች እግራቸው ላይ ቆመው ይውሉ ነበር።

ኮምፒዩተር ሲመጣ ጥብጣቡ ዝግጁ ሆኖ ጠበቀው። በእንግሊዝ በ1944 ሥራ የጀመረው ኮሎሰስ የጀርመንን ምስጢር ለመፍታት ጥብጣብ በሰከንድ 5,000 ረድፍ ያነብ ነበር፤ በ1949 ካምብሪጅ ላይ የተነሣው ኤድሳክም ፕሮግራሙን የሚቀበለው በባለ አምስት ቀዳዳ ጥብጣብ ነበር። በ1952 በአሜሪካ በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም የታየው ብረት ቆራጭ ማሽንም ትእዛዙን ከጥብጣብ ይወስድ ነበር። ለኮምፒዩተር ግን 32 ረድፍ አነሰ። በ1963 የወጣው የአስኪ ኮድ ሰባት ቦታ ስለያዘ፣ ለስሕተት ማጣሪያ አንድ ተጨምሮ ባለ ስምንት ቀዳዳና ወርዱ 25.4 ሚሊ ሜትር የሆነ ጥብጣብ ተለመደ። በዚያው ዓመት የወጣው ቴሌታይፕ 33 መብሻና ማንበቢያ አብሮት ስለነበር፣ ለብዙ ትንንሽ ኮምፒዩተሮች የፊደል ገበታም፣ ማተሚያም፣ ማኅደርም ሆኖ አገለገለ፤ ፍጥነቱ በሰከንድ 10 ምልክት ነበር።

እንዲህ ያለ አሮጌ ማሽን ዛሬ ለማሠራት የሚነሣ ሰው መጀመሪያ የሚለካው ወርድ ነው። 17.5 ሚሊ ሜትር ለባለ አምስት፣ 25.4 ለባለ ስምንት፤ በመካከል 22.2 ሚሊ ሜትር የሆነ ለባለ ስድስትና ሰባት የሚያገለግል አለ። ወርዱ የተስተካከለ ጥብጣብም ቀዳዳው ከማሽኑ ጋር ላይስማማ ይችላል። የፊደል ቀዳዳ ስፋቱ 1.83 ሚሊ ሜትር፣ የመጎተቻው 1.17 ሚሊ ሜትር ነው፤ በአምስቱ ላይ መጎተቻው በ2ኛውና በ3ኛው፣ በስምንቱ ላይ በ3ኛውና በ4ኛው መካከል ያልፋል።

ቀጥሎ የሚመጣው የወረቀቱ ጠባይ ነው፤ ብዙ ስሕተትም የሚሠራው እዚህ ላይ ነው። መደበኛው ውፍረት 0.1 ሚሊ ሜትር ያህል ነው፤ ከዚህ የሚሳሳ ወረቀት በመጎተቻው ጥርስ ይቀደዳል፣ የሚወፍር መብሻውን ያደክማል። እንደ ቴሌታይፕ 33 ላለ መብሻ ዘይት የጠጣ ወረቀት ይመረጣል፤ ዘይቱ መርፌዎቹን ያለሰልሳል። ግን ዘይት የነካው ፈዛዛ ወረቀት ብርሃን ያሳልፋል። ማንበቢያው ቀዳዳውን በመርፌ የሚዳስስ ከሆነ ግድ የለውም፤ በብርሃን የሚያነብ ከሆነ ግን ያልተበሳውን እንደ ተበሳ ሊቆጥር ይችላልና ጥቁር ወይም ግራጫ ደረቅ ወረቀት ይሻለዋል። አንድ ጥብጣብ ሺህ ጊዜ መነበብ ካለበት ከወረቀት ይልቅ ማይላር የተባለው ፕላስቲክ ይመረጣል፤ እሱ ግን ደካማ መብሻን ቶሎ ያደንዛል። ከቀዳዳው የሚወጣው ቅንጥብጣቢ ተቆርጦ የማይወድቅበት፣ እንደ ክዳን ተንጠልጥሎ የሚቀርበት ዓይነትም ነበር፤ ቴሌግራፍ ቤቶች የወደዱት በቀዳዳው ላይ ፊደሉን በቀለም ማተም ስለሚቻል ነው፣ በብርሃን የሚያነብ ማሽን ግን አይቀበለውም።

አያያዙ ቀላል ቢመስልም ትዕግሥት ይጠይቃል። በመጀመሪያና በመጨረሻ ቢያንስ አንድ ክንድ ያህል መጎተቻ ቀዳዳ ብቻ ያለበት ጥብጣብ ይተዋል፤ አለዚያ ማሽኑ ሲነሣ የመጀመሪያው ቃል ይበላል። ስምና ቀን በእስክሪብቶ የሚጻፈው በዚህ ባዶ ክፍል ላይ ነው። የተቀደደ ጥብጣብ የሚጣበቀው የሁለቱ ጫፎች የመጎተቻ ቀዳዳዎች በትክክል ተደራርበው ነው፤ አንዲት ረድፍ ስትዛነፍ ቀጣዩ ሁሉ ይሳሳታል። የቅንጥብጣቢው ሳጥን በየጊዜው መራገፍ አለበት፤ ሞልቶ ወደ መብሻው ሲመለስ መርፌውን ያንቃል። ወረቀት እርጥበት ሲጠጣ ይሰፋል፣ ሲደርቅ ይሰባበራል። ክረምት ውኃ የሚተኛበት እንደ ፎገራ ሜዳ ባለ አገር ጥቅሉ በተከደነ ቆርቆሮ ውስጥ፣ ከወለል ከፍ ብሎ መቀመጥ አለበት፤ በጋ ደግሞ ከፀሐይ መራቅ።

ፋክስ በ1980ዎቹ የቴሌክስን ሥራ መውሰድ ጀመረ፤ በ1997 ኢንተርኔት ኢትዮጵያ ሲገባ ጥብጣብ ከቢሮ ወጥቶ ነበር። በ1999 የወጣው ዩኒኮድ 3.0 ለግዕዝ ፊደል ለእያንዳንዱ የራሱን ቁጥር ሰጠው፤ በ26 ረድፍ ላይ መነሻና ቅጥያ የመክፈል ሒሳብም ከሥራ ውጭ ሆነ።

በግምጃ ቤት የተገኘን አሮጌ ጥብጣብ ለማንበብ ማሽን የግድ አያስፈልግም። በጥቁር ነገር ላይ ዘርግቶ ከላይ ፎቶግራፍ ማንሣት ይበቃል፤ ረድፉን መቁጠር በዓይንም በኮምፒዩተርም ይሆናል። አስቸጋሪው መነሻውን ማወቅ ነው። ባለ አምስት ቀዳዳ ጥብጣብ ላይ መጎተቻው ከመሐል ፈቀቅ ስላለ፣ ሦስት ቦታ ያለበት ጎን የ3፣ የ4 እና የ5 ነው፤ ወረቀቱ ቢገለበጥም ይህ አይለወጥም። የቀረው አቅጣጫው ነው፤ ለእሱም የመስመር መጨረሻን መፈለግ ነው። ቴሌፕሪንተር መጀመሪያ ጋሪውን ይመልሳል፣ 4ኛው ብቻ ይበሳል፤ ቀጥሎ ወረቀቱን ያወርዳል፣ 2ኛው ብቻ ይበሳል። 4 ከ2 በፊት የሚመጣበት አቅጣጫ ትክክለኛው ነው። 2 ቀድሞ ከተገኘ ጥብጣቡ ከጭራው እየተነበበ ነው፤ ያን ጊዜ ሐሙሲትም የምትጀምረው ከቲ ነጠላ ቀዳዳ ነው።